ከጎንደር አዲስ አበባ ለሥራ ለመሄድ ለምታስቡ የእጅ ባለሙያዎች፦ የቀን ሒሳቡና የኑሮው ወጪ

የሴራሚክና የእብነ በረድ ንጣፍ ሠራተኛ ነኝ። ሙያውን የተማርሁት ጎንደር ነው፤ ባለቤቴና ልጆቼም ማራኪ ውስጥ ይኖራሉ። ባለፉት ዓመታት ጎንደርና አዲስ አበባ እየተመላለስሁ ስለምሠራ፣ ገና የግንበኛ ማንኪያ መያዝ ከጀመረ ልጅ አንሥቶ ቤተሰብ እስካፈራ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ድረስ ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «አዲስ አበባ በቀን ስንት ይከፍላሉ?» ቁጥሩን እነግራቸዋለሁ። ፊታቸው ሲፈካ አያለሁ። ከዚያ ቁጭ አድርጌ የቀረውን እዘረዝርላቸዋለሁ፤ እዚህም የምጽፈው ያንኑ ዝርዝር ነው።

መጀመሪያ ስለ አቆጣጠሩ ልናገር። ዋጋውን ሁሉ በብር ብጽፍላችሁ ከጥቂት ወራት በኋላ አይጠቅማችሁም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ከውጭ የሚገባው ሴራሚክ፣ ማጣበቂያውና የመቁረጫ ዲስኩ ሁሉ ተከትሎ ጨመረ። የእኛም የቀን ሒሳብ ጨምሯል፤ ግን ከገበያው ኋላ እየተጎተተ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር በሥራ ቀን መቁጠር ለምጃለሁ። ይህ ቤት የስንት ቀን ሥራ ነው? ይህ ጤፍ የስንት ቀን ሥራ ነው? ብሩ ቢለዋወጥም ይህ አቆጣጠር ቶሎ አያረጅም፤ ሁለቱንም ከተሞች በአንድ ሚዛን ያስቀምጣቸዋል።

በእኔ ሙያ አንድ ዓይነት ችሎታ ያለው ሰው አዲስ አበባ ውስጥ የሚያገኘው የቀን ሒሳብ የጎንደሩን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው። አብረውኝ የሠሩ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሠራተኞችም ከዚህ የራቀ ነገር አልነገሩኝም። የረዳት ክፍያ ግን እንዲህ አይራራቅም፤ ወደ አዲስ አበባ ከየክልሉ የሚመጣው ጉልበት ብዙ ስለሆነ ሙያ የሌለው ሰው ጎንደር ከሚያገኘው ጥቂት ብቻ ጨምሮ ያገኛል። እጃችሁ ላይ የተፈተነ ሙያ ሳይኖር «አዲስ አበባ ደህና ይከፍላሉ» የሚለውን ወሬ ተከትላችሁ የምትሄዱ ወጣቶች ይህን አስቀድማችሁ እወቁ።

ስለ ግንበኞች ለብቻው መናገር እፈልጋለሁ። ጎንደር ጥርብ ድንጋይ የሚያውቅ እጅ የሚከበርበት ከተማ ነው። የፋሲል ግቢ እድሳትና የኮሪደር ልማቱ ከተጀመሩ ወዲህ ደግሞ ድንጋይ ጠራቢም ሆነ በኖራ መሥራት የሚችል ግንበኛ ይፈለጋል። እንዲህ ያለ ባለሙያ ሻንጣውን ከማንሣቱ በፊት እዚሁ ከተማው ውስጥ ሥራ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል። አዲስ አበባ ላይ አብዛኛው ሥራ ብሎኬትና አርማታ ስለሆነ የድንጋይ እውቀቱን የሚከፍልበት ሰው ብዙ አያገኝም።

ሌላው በቀን መሥራትና በካሬ መሥራት የተለያዩ መሆናቸው ነው። ጎንደር ውስጥ የሚበዛው የግለሰብ ቤት ነው፤ መታጠቢያ ቤት፣ ማድ ቤት፣ በረንዳ። አንድ ትንሽ መታጠቢያ ቤት አስቡ። ግድግዳው ከቱምቢ የወጣ ነው፤ በልስን ካልተስተካከለ ሴራሚኩ አይቀመጥለትም። ወለሉ ከአራቱም አቅጣጫ ወደ ፍሳሹ ማዘንበል አለበት፤ ያለዚያ ውኃው በር ሥር ይተኛል። በቧንቧው ዙሪያ በግራይንደር ክብ ቆርጣችሁ ታስገባላችሁ፤ ሴራሚኩ ጫፉ ላይ ከተሰነጠቀ ሌላ አንሥታችሁ እንደገና ትቆርጣላችሁ። ሲመሽ የተነጠፈው ሲለካ ግን ጥቂት ካሬ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ በካሬ የተዋዋለ ሰው ቀኑን በከንቱ ያጠፋል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ አንድ ፎቅ ሙሉ አዳራሽ ይሰጣችኋል፤ መስመሩን አንዴ ካወጣችሁ ያለማቋረጥ ትነጥፋላችሁ። እዚያ በካሬ የሚሠራ ፈጣን ሰው ከቀን ሒሳቡ በላይ ሲያገኝ አይቻለሁ። ስለዚህ ጎንደር ለትናንሽ ክፍሎች በቀን ወይም በቁርጥ፣ አዲስ አበባ ለሰፊ ወለል በካሬ ተዋዋሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ በወር ውስጥ ስንት ቀን ትሠራላችሁ?

ጎንደር ላይ ጥሩ በሚባል ወር ከወሩ ግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ቀን እሠራለሁ። ምክንያቱ አንድ አይደለም። በወሩ ውስጥ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለምና ባለ ወልድ አሉ። ሁሉም ሰው ሁሉንም አያከብርም፤ ነገር ግን የቤቱ ባለቤት የሚያከብረው ታቦት በሚውልበት ቀን ግቢው ውስጥ የመዶሻ ድምፅ አይሰማም። እኔም የማከብራቸው አሉኝ፤ ያ ቀን የእረፍቴና የጸሎቴ ቀን ስለሆነ ብር ቀረብኝ ብዬ አላማርርም። ሒሳብ ውስጥ ግን መግባት አለበት። አዲስ አበባ በተቋራጭ ሥራ ላይ የሚዘጋው እሑድና የሕዝብ በዓላት ብቻ ነው።

ውኃም አለ። ጎንደር ውስጥ ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ የከተማው ሰው ያውቀዋል፤ የአንገረብ ግድብ የተሠራው አሁን ላለው የሕዝብ ቁጥር አይደለም። በርሜሉ ካልተሞላ ሊሾ አይፈስስም፤ ሴራሚክም አይነከርም። ሲሚንቶም ከሩቅ ይመጣል፤ መንገድ ሲዘጋ ወይ ይጠፋል፣ ወይ ዋጋው ይሰቀልና ባለቤቱ ሥራውን ያቆመዋል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የቀጠለው ግጭት ደግሞ ይህን ሁሉ አባብሶታል። ቤት ጀምረው ያቆሙ፣ ገንዘባቸውን ይዘው የሚጠባበቁ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ አልፈርድባቸውም። የእኛን ሙያ ግን በቀጥታ የሚነካው ይህ ነው፤ የቀን ሒሳቡ ባይቀንስም ቀኑ ራሱ ቀነሰ።

ጎንደርም የራሷ ወቅት አላት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሆቴሎችና እንግዳ ማረፊያዎች ለጥምቀት ይዘጋጃሉ፤ መታጠቢያ ቤት የሚያድስ፣ ወለል የሚቀይር፣ ቀለም የሚቀባ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈልጋችኋል። ሥራው ከጥር 10 ከተራ በፊት ማለቅ ስላለበት ክፍያው ላይ ብዙ አይከራከሯችሁም። በእነዚህ ሁለት ወራት ጎንደርን ለቅቆ አዲስ አበባ የሚቀመጥ የፊኒሺንግ (የሕንፃ ማጠናቀቂያ) ሠራተኛ የዓመቱን ጥሩ ገበያ ያልፈዋል።

አዲስ አበባ ላይ ሥራ የያዘ ሰው በወር ሃያ አራት ቀን ገደማ ሊሠራ ይችላል። «ሥራ የያዘ» ያልሁት ሆን ብዬ ነው። አንዱ ሳይት አልቆ ሌላው እስኪገኝ የሚያልፈው ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ኪራዩም ምግቡም አይቆሙም።

ወደ ቤት ኪራይ ስመጣ፣ ጎንደር ላይ ለሠራተኛ የሚሆን ቤት ሦስት ቀን ገደማ ሠርቼ የምከፍለው ነው። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ተማሪና ሠራተኛ ስለሚበዛ ይወደዳል፤ ወደ አዘዞ ስትወርዱ ይቀላል። አዲስ አበባ ላይ፣ በዚያ በአንድ ተኩል እጥፍ የቀን ሒሳብ፣ መጸዳጃ ቤቱ የጋራ የሆነ አንዲት ክፍል ስድስት ቀን ገደማ ያሠራኛል። ያውም ዳር ዳሩን፣ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። ሁለት ክፍል ለቤተሰብ ልከራይ ብትሉ የአሥር ቀን ሥራችሁ ለአከራይ ነው። የደላላው ክፍያ ገና አልተቆጠረም።

የኪራዩ ቁጥር ብቻም አይደለም። አያት አካባቢ የተከራየሁባቸው እናት በመጀመሪያው ቀን፣ «ልጄ፣ ውኃና መብራት በሰው ቁጥር ነው፤ እንግዳ ካደረም ይጨመራል» አሉኝ። ክፉ ሴት አልነበሩም። ልብስ ማጠቢያ ቀን፣ በር የሚዘጋበት ሰዓት፣ ሁሉም ግን ተወስኗል። ጎንደር ላይ ሥራ ጠፍቶ ኪራይ ሲዘገይብን የምንከራይባቸው እትዬ ባለቤቴን፣ «ሥራው ሲገባ ትሰጡኛላችሁ፤ ልጆቹን አታስርቢ» ብለዋታል። ጥግ ላይ ያለው ባለ ሱቅም ዘይትና ስኳር በዱቤ ይሰጠናል፤ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ ሲከፈለኝ እከፍላለሁ። ይህ ገንዘብ ነው። ሥራ በጠፋበት ወር ብድር ከመጠየቅ ያድናችኋል። አዲስ አበባ ላይ ማንም የማያውቀው ሰው ዱቤ የለውም።

አዲስ አበባ ስትከራዩ ሕጉን እወቁ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ የውሉ ጊዜ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ አከራዩ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መጠየቅ አይችልም፤ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ በሚወሰነው ልክ ካልሆነ በቀር አይደረግም። በተግባር ብዙ አከራይ ይህን መስማት አይፈልግም፤ ለጥቂት ወር የሚመጣ ሠራተኛም ለመከራከር አቅም የለውም። ቢሆንም የስድስት ወር አምጡ ሲሏችሁ ሕጉ ምን እንደሚል ብታውቁ ድርድራችሁ ይለወጣል።

ምግብ ላይ ያለው ልዩነት ሰዎች ከሚያስቡት ያነሰ ነው። ጤፍ አዲስ አበባም ይወደዳል፣ ጎንደርም ይወደዳል። ሽምብራና ነጭ ሽንኩርት ከደምቢያ ስለሚገቡልን ሽሮአችን ይረክሳል። ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ብቻውን የሄደ ሰው ሦስቱንም ጊዜ ከውጭ ስለሚበላ ነው። ከሁለት ወይም ከሦስት ደባል ጋር አንድ የቡታ ጋዝ ምድጃ ገዝታችሁ እራት ቤት ብትሠሩ ወጪው በግልጽ ይወርዳል። ደክሞኛል ብላችሁ አትተዉት።

ትራንስፖርቱ ግን ገንዘብም ጉልበትም ይበላል። ጎንደር ላይ ከማራኪ ፒያሳ በባጃጅ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ብዙ ጊዜም በእግሬ ነው የምሄደው። አዲስ አበባ ውስጥ ከየካ አባዶ ተነሥቶ ጀሞ የሚሠራ ሰው መገናኛ ላይ ተሰልፎ፣ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀይሮ፣ መሣሪያ የያዘ ከረጢቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጓዛል። ሥራችሁ በቀላል ባቡሩ መስመር ላይ ከሆነ፣ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ወይም ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ፣ ዋጋው ይቀላል። እኔ ቤት የምከራየው ሥራውን ካገኘሁ በኋላ ለሥራው ቅርብ ቦታ ነው። ሳይት ውስጥ ማደር የሚፈቅድ ተቋራጭ ካለም፣ በተለይ ያላገባችሁ፣ እንዳትንቁት።

አሁን ሁሉንም በአንድ ላይ እናስላው። ለስሌት እንዲመች ብቻ የጎንደር የቀን ሒሳብ 1,000 ብር፣ የአዲስ አበባው 1,500 ብር እንበል፤ እናንተ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡበት።

ጎንደር 16 ቀን የሠራ የቤተሰብ አባት 16,000 ብር ያገኛል። ኪራይ 3,000፣ ምግብ 7,000፣ ትራንስፖርት 1,000 ቢያወጣ 5,000 ብር ይቀረዋል። ይኸው ሰው ብቻውን አዲስ አበባ ሄዶ 24 ቀን ቢሠራ 36,000 ያገኛል። በደባልነት የኪራዩን ግማሽ 4,500፣ ምግብ 9,000፣ ትራንስፖርት 2,500 ይከፍላል፤ 20,000 ይቀራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስሌቱን ያቆማል። ጎንደር ያለው ቤት ግን አልተዘጋም፤ ኪራዩ 3,000፣ የቤተሰቡ ምግብ ደግሞ እሱ ስለሌለ 5,500 ነው። የመመላለሻው ወጪ በየወሩ ሲከፋፈል 1,500 ይሁን። የቀረው 10,000 ብር ነው። ከጎንደሩ እጥፍ ስለሆነ ያስኬዳል። ነገር ግን ያ ወር ሥራ ተቋርጦ 18 ቀን ብቻ ቢሠራ ገቢው 27,000፣ ወጪው ያው 26,000 ነው፤ 1,000 ብር ይዞ ይቀራል። ቤቱ ቢቀመጥ ኖሮ 5,000 ነበረው። በዚህ ስሌት አዲስ አበባ ከጎንደር የሚሻለው ከ21 ቀን ጀምሮ ነው።

ቤተሰቡን ይዞ የሚሄደውስ? ኪራይ 15,000፣ ምግብ 9,500፣ የሁሉም ትራንስፖርት 3,500፣ በጠቅላላ 28,000 ነው። 24 ቀን ቢሠራ 8,000 ይተርፈዋል፤ 22 ቀን ቢሠራ ከጎንደሩ ጋር እኩል 5,000 ነው፤ ከዚያ በታች ከጎንደሩ ያነሰ ይቀረዋል። ትምህርት ቤት፣ ሕክምና፣ የጓዝ ማጓጓዣ አልጨመርሁም። ስለዚህ ቤተሰብ ላላቸው ወንድሞቼ ያለማመንታት የምናገረው፣ የዓመት ሥራ በእጃችሁ ሳይኖር ቤታችሁን ከጎንደር አትንቀሉ ብዬ ነው። በስልክ ብቻ የሚያድግ ልጅ ምን እንደሚያጎድል አውቃለሁ፤ ቢሆንም ልጆቹን ሥራ በሌለበት ወር በውድ ኪራይ ውስጥ ማስጨነቅ ከዚያ ይከፋል። ያላገባ ሰው ግን ጎንደር የሚከፍለው ሁለተኛ ቤት ስለሌለው ይሂድ፤ ያዋጣዋል።

ስለ መመላለሻው አንድ ነገር ልጨምር። መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገድ ክፍት ሲሆን በአውቶቡስ ይኬዳል፤ ሲዘጋ ከአዘዞ አየር ማረፊያ በአውሮፕላን ካልሆነ መውጫ የለም፤ የአውሮፕላኑም ትኬት የብዙ ቀን ሥራ ነው። «ለበዓል እመለሳለሁ» ብሎ ያሰበ ሰው ይህን በስሌቱ ውስጥ ያስገባ። ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ቅርብ ነው፤ የቀን ሒሳቡም ከጎንደር ብዙም አይበልጥም፤ ዘመድ ቤት ማረፊያ ካላችሁ ብቻ ይታይ።

ከሁሉም በላይ እንድትጠነቀቁበት የምፈልገው የተሠራበት ገንዘብ መቼ እንደሚከፈል ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አያት ውስጥ በሚሠራ ሕንፃ ሥር፣ ሃያ የምንሆን ሰዎች ሲሚንቶ የነካው ልብሳችንን ቀይረን ፎርማኑን እንጠብቃለን። ደብተሩን ይዞ መጣ፤ የቀን ሠራተኞቹን እየጠራ ከፈለ። እኛ በካሬ የተዋዋልነው ጋ ሲደርስ ደብተሩን አጠፈና፣ «የእናንተ በክፍያ ሰርተፊኬት ነው፤ አማካሪው አልፈረመም፤ የሚቀጥለው ሳምንት» አለ። አጠገቤ የቆመው ረዳቴ፣ ከጎንደር ይዤው የመጣሁት ልጅ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ እኔስ?» አለኝ። የእሱን ከኪሴ ከፈልሁት፤ ሌላ ምንም ማድረግ አይቻልም። የሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሳምንት ወለደ፤ በመጨረሻ የተከፈለኝም ተሸራርፎ ነው። በዚያን ጊዜ እኔ የማበድረው ገንዘብ የነበረኝ ሰው መሰልሁ፤ አንድ ትልቅ ተቋራጭ ሥራውን በእኔ ጉልበትና በእኔ ኪስ አስኬደ።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ከመጀመሬ በፊት በአንድ ገጽ ወረቀትም ቢሆን እፈራረማለሁ። በየአሥራ አምስት ቀኑ የተነጠፈው እንዲለካ፣ ልኬቱን እኔና ፎርማኑ እንድንፈርምበት፣ ከልኬቱ በሳምንት ውስጥ እንዲከፈል፤ ዞኮሎው (በግድግዳው ሥር ዙሪያውን የሚለጠፈው)ና የደረጃው ጠርዝ በካሬ ሳይሆን በሜትር እንዲታሰብ፤ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ሳይቀርብ ለቆምንበት ቀን የረዳት ክፍያ እንዲሸፈን። ልኬት በተፈረመ ቁጥር በስልኬ ፎቶ አነሣዋለሁ። ክፍያውም በባንክ ወይም በቴሌብር እንዲሆን እጠይቃለሁ፤ በእጅ የተሰጠ ብር ምስክር የለውም። ይህን ስጠይቅ «አልፈልግህም» ያለኝ አለ፤ እዚያው ትቼው ወጥቻለሁ።

በደመወዝ የሚቀጥር ድርጅት ብታገኙ የሚነግሯችሁ ቁጥር ያልተጣራ መሆኑን አስታውሱ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር ሠንጠረዥ እስከ 2,000 ብር ነፃ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ ጀምሮ እየጨመረ፣ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። 20,000 ብር ደመወዝ የተባለ ሰው 4,950 ብር ግብር፣ 1,400 ብር ደግሞ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ተቀንሶ በእጁ የሚገባው 13,650 ብር ነው። ከቀን ሒሳብ ጋር ስታነጻጽሩ ይህኛውን ቁጥር ተጠቀሙ። ጡረታውን ግን እንደ ኪሳራ አልቆጥረውም። አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል፤ ጉልበታችን አንድ ቀን ይደክማል፤ የሴራሚክ ሠራተኛ ጉልበቱ ላይ ተንበርክኮ ስለሚውል ደግሞ ከሌላው ቀድሞ ይደክማል። ሳምንታዊው የሥራ ሰዓት 48 ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የትርፍ ሰዓት ክፍያ በቀን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ 1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። በኮሪደር ሥራዎች ሌሊት የሚሠራ ብዙ ሰው ስላለ ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

በብር የማይሰላ ጥቅምም አለ። ትልልቁን ፖርሴሊን፣ በአንድ ሰው የማይነሣውን፣ መቁረጥና መንጠፍ የተማርሁት አዲስ አበባ ነው። የግራናይት ደረጃ ጠርዝ ማለስለስንም እንዲሁ። ያን ይዤ ጎንደር ስመለስ ባለ ሆቴሎች ቀድሞ ለማይሰጡኝ ሥራ ይጠሩኝ ጀመር፤ የጎንደር ዋጋዬም ተለወጠ። ዲስክና መቁረጫ መርካቶ ስለሚረክስ የዓመቴን መሣሪያ ከዚያ ገዝቼ እመለሳለሁ። አንድ ወጣት ባለሙያ «ምን ይዤ ልምጣ?» ቢለኝ፣ ከብሩ ይልቅ ይህን ይዘህ ና እለዋለሁ።

እኔ አሁን የምከተለው መንገድ ይህ ነው። ክረምት ሲገባ ጎንደር የውጭ ሥራ ስለሚቆምና አዲስ አበባ ግን ጣሪያ ያረፈበት ሕንፃ ውስጥ ፊኒሺንግ ስለሚቀጥል፣ ከሰኔ በኋላ እሄዳለሁ። ኅዳር ሲገባ ለጥምቀቱ ሥራ እመለሳለሁ። ከጥር በኋላ የትኛው ከተማ ሥራ እንዳለው አይቼ እወስናለሁ። እቁቤንም እድሬንም ጎንደር አላቋረጥሁም፤ ባለቤቴ ትከፍልልኛለች።

ረዳት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ለወላጆቹ ምን ያህል እንደምትከፍሉት፣ የት እንደሚያድርና ሥራ ቢጠፋ የመመለሻ ትኬቱን ማን እንደሚከፍል በግልጽ ንገሯቸው። የመመለሻውን ገንዘብ ደግሞ ለብቻው አስቀምጡት፤ የእናንተንም የእሱንም።